መስመሩ ነው ጥሏት የሄደው

ለምወድሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? እማማስ እንዴት ናት፣ ዓይኗን አሳያችኋት? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ምላሰኛዋ ትንሿ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ተቃጥሏል። ደብዳቤዬ እሳት እሳት ቢልሽ አትቀየሚኝ፣ ቁጣዬ ባንቺ አይደለም።

«ብስክሌቷን ሽጪና ተገላገይ» ብለሽ የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገሩን ከሥሩ ሳትሰሚ ግን አትፍረጂብኝ።

የምሠራበት ላውንደሪ የሆስፒታል አንሶላ ያጥባል። ማሽኖቹ ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፣ እኛም አብረናቸው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። ከሰፈራችን ወደ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መኪናው ሁሉ ነፍሱን ስቶ የሚበርበት ዋናው መንገድ።

አምና የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡና በመንገዱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀቡ። የብስክሌት መስመር ነው ተባለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ። እኛም እልል ልንል ምንም አልቀረን። ስንወጣበት ግን ጉዱ ታየ። ወርዱ ከብስክሌቴ መሪ እምብዛም አይበልጥም። በእኛና በከባድ መኪናው መካከል ያለው ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለም ደግሞ መኪና አያቆምም! የጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ብረት በጎማችን አቅጣጫ ተጋድሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል። ባለ ሱቁ ሁሉ ዕቃ የሚያራግፈው እዚያው መስመር ላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ድልድዩ ነው እትዬ። መንገዱ እዚያ ላይ ይጠባል፤ አረንጓዴው መስመርም ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ያልቃል። ምልክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ከዚህ ወዲያ ክንፍ አውጡ ነው ነገሩ።

ጧፍ የወደቀችው እዚያ ነው። ቀጭንና ረዥም ስለሆነች ነው ጧፍ የምንላት። አንሶላ የምናጥፈው ከእሷ ጋር ነው፣ እኔ በአንዱ ጫፍ እሷ በሌላው። የዚያን ቀን ጠዋት ከፊቴ ነበረች። መስመሩ ሲያልቅባት ወደ መኪናው መንገድ ገባች፤ ሌላ የት ትግባ? ከኋላዋ የመጣ የጭነት መኪና በጎን መስተዋቱ ትከሻዋን መታት። ስትወድቅ በዓይኔ አየሁ። ብስክሌቴን ጥዬ ስደርስ እግሯ ያለ ቦታው ታጥፏል፤ እሷ ግን እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ «ዛሬ ከማን ጋር ልታጥፊ ነው?» አለችኝ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና!

ሾፌሩ አላመለጠም። ወርዶ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «መስመሩ አለቀ እኮ! እሷ የት ትሂድ? እኔስ የት ልሂድ?» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጠላው ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም።

የጭን አጥንቷ ተሰብሮ ብረት ገባላት። እኛው ያጠብነው አንሶላ ላይ ተኛች።

እኔና እህቷ ወደ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ኃላፊው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉን፣ «ጓደኛችሁ መስመሯን ለቃ ወጥታለች፤ ጥፋቱ የራሷ ነው» አሉን። ደሜ ፈላ። «መስመሩ ነው ጥሏት የሄደው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማኝ። እኔ፣ ያቺ ሰው ፊት አፏ የሚተሳሰረው እህትሽ! እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አዩና ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ልመናው በቃን። የላውንደሪው ሴቶች፣ የሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ፣ በብስክሌት የሚመላለስ ሁሉ ተጠራርተን ሰኞ ጠዋት ድልድዩ ጋ ተሰበሰብን። የመኪናውን መንገድ ሙሉውን ይዘን በእግረኛ ፍጥነት ገባን። የጡሩምባው ጩኸት! የስድቡ ዓይነት! ላንቺ የሚጻፍ አይደለም። አልዋሽሽም፣ አንዱ ዕብድ ከኋላ ቢገባብንስ እያልኩ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር። ዞር ስል ጧፍን የመታት ያ የጭነት መኪና ፍሬቻውን እያብለጨለጨ በዝግታ ይከተለናል። በዚያ ሰፊ ወገቡ መንገዱን ዘግቶልናል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀጥሉ! በእኔ ላይ የሚያልፍ የለም!» አለን። እንባዬን እየጠረግሁ ነዳሁ።

ትራፊክ ፖሊሱ አስቁሞን ምን እያደረጋችሁ ነው ሲለን አንዷ ዳቦ ጋጋሪ «ወደ ሥራ እየሄድን ነዋ! አንተስ?» አለችው። ሳቁን ዋጥ አደረገ፤ ስማችንን ከመመዝገብ ግን አልቦዘነም።

ታዲያ ምን አደረጉ መሰለሽ? ድልድዩን አሰፉ? መከለያ አቆሙ? ወይ ፍንክች! መጥተው አረንጓዴውን ቀለም ፋቁትና «ብስክሌት ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተከሉ። ራሱን ያመመውን ሰው አንገቱን ቆርጦ እንደ ማዳን ነው። ሌላ መንገድ አልሰጡን፣ አውቶቡስ አልጨመሩልን። እኛም በማግስቱ በምልክቱ ሥር አለፍን። ለዚህ ተከሰስን። ሾፌሩም መንገድ ዘግተሃል ተብሎ አብሮን ተከሷል፣ ሐሙስ ችሎት እንቀርባለን። ጧፍ በክራንች መጥቼ እመሰክራለሁ ብላለች፤ አይሆንም ብንላት ማን ይሰማናል።

እና እትዬ፣ ብስክሌቴን አልሸጥም። አገሩ ሁሉ እኔን ተጠንቀቂ ይለኛል። መንገዱን የሠራውን ሰው ተጠንቅቀህ ሥራ ያለው ግን የለም። አንቺም ከእነሱ ጋር ሆነሽ እኔን አትቆጪኝ፤ ይልቅ ከእኔ ጋር ሁኚና እነሱን ተቆጪልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ስታነቢላት የጧፍን ነገር ዝለይው፤ ሥራ በዝቶባት ነው ሳትጽፍ የቆየችው በያት። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ሳሉን ቸል እንዳይለው። ትልቁን ልጅ ፈተናውን በርታ በይው። መንትዮቹን እኩል ሳሚያቸው፣ አለዚያ ይጣላሉ። ትንሿን ደግሞ ጉንጯን ንከሺልኝ።

ሐሙስ ጠዋት አስቡኝ። ወደ ችሎቱም የምሄደው በዚያው ድልድይ ነው፤ ሌላ መንገድ አልሠሩልኝም።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከላውንደሪው ማዶ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ግንቦት ፳፩ ቀን