ካርድ ክፍላችንን ወደ ዳታቤዝ ያሻገሩት ባልደረባችን ዕረፍት

የሆስፒታላችን አስተዳደርና ሠራተኞች፣ ሁላችንም “ጋሼ ቁልፍ” እያልን የምንጠራቸው የዳታቤዝ ክፍል ኃላፊያችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በኀምሳ ስምንት ዓመታቸው ማረፋቸውን የምናሳውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሐዘናችን ግን ከምስጋና አይለይም፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረውን ሠርተዋልና።

ሥራ የጀመሩት በምድር ቤቱ ካርድ ክፍል፣ የታካሚዎችን ካርድ ከመደርደሪያ እያወጡ በማቀበል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት እናቶች በአንድ ቀን መጡና የአንዷ ካርድ ለሌላዋ ተሰጠ። መርፌው ሊወጋ ሲል ተረኛዋ ነርስ ካርዱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ከታካሚዋ ጋር አልገጥም ስላላቸው ቆም ብለው ጠየቁ። ታካሚዋ ያ መድኃኒት ጨርሶ የማይስማማት ሆና ተገኘች። ጋሼ ቁልፍ ማንም ሳይጠይቃቸው “ካርዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ” ብለው ሪፖርት ጻፉ። ነርሷ ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤታቸው ሆኑ። ሰው ነገሩን ሲያነሳባቸው፣ “ትልቁን ጥፋቴን አስቀድማ አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እደብቃታለሁ?” ይሉ ነበር።

ያ ቀን ግን ከልባቸው አልወጣም። ከሥራ መልስ ኮምፒውተር ተማሩ። በዘጠነኛው ዓመት የመጀመሪያው ዳታቤዛችን፣ ማለትም የኮምፒውተር መዝገባችን፣ ሲዘረጋ፣ እያንዳንዱ ታካሚ ከማንም ጋር የማይጋራው አንድ መለያ ቁጥር እንዲኖረው አጥብቀው ተከራከሩ። ባለሙያዎች ይህን ቁጥር “ቁልፍ” ይሉታል፤ ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚያ ነው። “ስም መጠሪያ ነው፤ መለያ አይደለም” የሚለው ቃላቸው ዛሬም ከመመዝገቢያው መስኮት በላይ ተለጥፏል። ካርዶቹን በሙሉ ወደ ዳታቤዙ ሠንጠረዥ ለማስገባት ከስድስት መዝጋቢዎች ጋር አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

በሃያ አንደኛው ዓመት የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ መዝገቡ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር ከጥቅም ውጭ ሆነ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ታካሚ አስተኝቶ መረጃ ይጠብቅ ነበር። እርሳቸው ግን በየሳምንቱ የመዝገቡን ቅጂ ከመያዝም አልፈው፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መመለሱን ይሞክሩ ነበር። “ያልጠፋ ነገር የሚፈልጉ ሰውዬ” እያልን የቀለድንባቸው እኛው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መዝገቡ ሲመለስ ቀልዱን ትተን አሠራሩን እንዲያስተምሩን ጠየቅናቸው።

አዲስ ለሚቀጠሩ ሁሉ መሠረታዊውን ትምህርት የሚሰጡት ራሳቸው ነበሩ። ነዳፊው ሠንጠረዡን ይቀርጻል፣ ፕሮግራመሩ መጠቀሚያውን ይሠራል፣ አስተዳዳሪው ይጠብቃል፣ ተንታኙ ከመረጃው መልስ ያወጣል ብለው ከዘረዘሩ በኋላ፣ “ከሁሉ በፊት ግን መዝጋቢዋ አለች፤ እሷ ከተሳሳተች እኛ ሁላችን አሳምረን እንሳሳታለን” ይሉ ነበር። ስለዚህም ማንም ሰልጣኝ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መመዝገቢያ መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ተንታኝ “ዲግሪ ይዤ ስም ልጻፍ?” ብሎ ቢያጉረመርም፣ “ስም መጻፍ ቀላል ከመሰለህ ገና አልጻፍክም ማለት ነው” አሉት። ያ ተንታኝ ዛሬ የትንተና ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ይህን መግለጫ ያረቀቀውም እሱ ነው።

ታመው ሊታከሙ ወደ እኛው ሲመጡ፣ መዝጋቢዋ በደንብ ስለምታውቃቸው ሳትጠይቅ መሙላት ጀመረች። “ልጄ፣ አውቃቸዋለሁ ብለሽ አትለፊኝ፤ ጠይቂኝ” አሏት። ከስማቸው ጀምራ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም እንደማንኛውም ሰው መለሱላት።

በዳታቤዛችን ያረፈ ሰው አይሰረዝም፤ ያረፈበት ቀን ይሞላል እንጂ። ማክሰኞ ጠዋት የእርሳቸውን ቀን የሞላችው ይህችው መዝጋቢ ናት። ቀኑንና መለያ ቁጥራቸውን ሁለት ጊዜ አመሳከረች፤ ትክክል ነበር።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለወንድማቸውና ለሥራ ጓደኞቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በትክክለኛ ስማቸውና በትክክለኛ ካርዳቸው ታክመው ወደ ቤታቸው የተመለሱት ታካሚዎቻችን አብዛኞቹ አያውቋቸውም፤ በእነርሱም ስም እናመሰግናቸዋለን።