ሳታውቅ የቀዳሁት ድምጿ

ለውድ ወንድሜ ለአያ ህሩይ፣

እንዴት ሰነበትህ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ፅዮንስ፣ ልጃችሁ ሐብተ ማርያምስ ደኅና ናቸው? የጅማ ዝናብ አበቃላችሁ? እኔም እናታችንም በአካል ደኅና ነን፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። ምነው ጠፋሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስልክ መያዝ አስጠልቶኝ ነው በወረቀት የጻፍሁልህ።

ሰኔ ላይ፣ ለወላዶች በነፃ የሚመጣ የደም ማቆሚያ መድኃኒት ከአንድ ጤና ጣቢያ በጓሮ እየወጣ እንደሚሸጥ ሬዲዮ ጣቢያችን ሰማ። ጋዜጠኛ ነኝ ብል ማንም ስለማይነግረኝ፣ ነፍሰ ጡር እህት ያለችኝ መስዬ ሄድሁ። ስልኬን ነጠላዬ ሥር ደብቄ መቅዳት ጀመርሁ። የትነበርሽ የምትባል ነርስ አዘነችልኝ። ጥግ ወስዳ መድኃኒቱን ማን እንደሚያወጣው ነገረችኝ፤ እህትሽን ሌላ ቦታ ውሰጃት ብላ እጄን ያዘችኝ።

አዘጋጃችን ታከለን ድምጿን እንቀይረው ብዬ ብጠይቀው፣ ከተቀየረ ማን ያምነናል አለኝ። ባልደረባዬ ሄለንም በእናቶች ሞት የሚነግድ ሰው ተደብቀን ካልሆነ በምን ይያዛል ብላ ደገፈችው። ሁለት ጋዜጠኞች ግን አምናሽ የተናገረችውን ማስተላለፍ ከስርቆት አይለይም ብለው ተቆጡ። እኔ፣ አያ፣ ዝም አልሁ። ሥራዬ እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነበር።

ከተላለፈ በኋላ ድምጿን ያላወቀ አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ምስጢር አወጣሽ ተብላ ተባረረች። ሻጮቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። እኔ ሸጋ ሥራ ሠራሽ ተብሎ ተጨበጨበልኝ። ልመሰክርላት ፈልጌ አንድ ጠበቃ ብጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ የቀዳሽው አይረዳትም አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አይከል ከተማ፣ ወላጆቿ ቤት ሄድሁ። በር ላይ ቆማ አየችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣ "ይኸንንም እየቀዳሽው ነው?" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ባዶ መሆኑን ባሳያትም አላየችውም፤ በሩን ዘጋችው። ሥራውን ልተወው እላለሁ፤ ብተወውስ ለእሷ ምን ይሆናታል? ምንም የምጠግነው ነገር አልታየኝም።

ፅዮንን እንደምን ሰነበትሽ በልልኝ። ሐብተ ማርያምን ጉንጩን ሳምልኝ። እናታችን፣ ልጄን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ ትልሃለች። እሷ ዝግጅቱን በሬዲዮ የሰማች ዕለት በእኔ ኮርታ እልል ብላ ነበር፤ የቀረውን አልነገርኋትም።

እኅትህ ሰርካለም
ጎንደር፣ ፀዳ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.