ወደ በለጠ ጫካ፣ ከሁለት ጓዶች ጋር

ጥር 12፣ ሐሙስ

ቢሮ ቀዝቅዞ ዋለ። ሁለት ደብዳቤ በታይፕ መታሁ፣ አንዱን አበላሸሁት። ማንም አላየኝም።

ወደ ማታ ላይ ጠይባ መጽሐፏን ይዛ መጣች። «ጉሬዛ የእውነት ነጭ ካባ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን! አባቷን ሳይሆን እኔን! ጅብሪልን ካገባሁ ስድስት ወሬ፤ ከዚህች የሰባት ዓመት ልጁ አፍ የሰማሁት ቃል ቢኖር «እሺ» ነው። ብይ ስላት እሺ፣ ተኚ ስላት እሺ። ታናሿ ሙሐመድሳኒ አራት ዓመቱ ነው፣ እናታቸውን ከድጃን በደንብ አያስታውሳትም። እሱ በመጣሁ ቀን ነው እቅፌ ውስጥ የገባው። እሷ ግን...

«አላውቅም፣ ሄደን እንየዋ!» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ። የት ሄደን?

ጥር 14፣ ቅዳሜ

ጅብሪል ሳቀብኝ። «ጫካ? በእግር? ልጆች ይዘሽ? ለምን?» የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ እግር ለፍሬን ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል።

ኋላ ግን ራሱ አሰበበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በቦንጋ መንገድ ጨው ያደርሳል። ጠዋት በለጠ ጫካ ጥሎን ያልፋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ ያነሳናል። የደን ጠባቂውን አባቦራን ያውቃቸዋል፣ እሳቸው ይመሩናል።

እኔና ልጆቹ ብቻችንን ማለት ነው... ያለ አባታቸው ግማሽ ቀን። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ጥር 15፣ እሑድ

ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ልምምድ ወጣን። ከሰፈራችን ከመንደራ ቆጪ ተነስተን የጅሬንን ዳገት እስከ ግማሽ። ሙሐመድሳኒ ሦስት ቦታ ተቀመጠ፣ ሁለት ቦታ አለቀሰ፣ አንድ ቦታ ከፍየል ጋር ተጣላ። ጠይባ ድምጿም የለ። ደከመሽ? አልደከመኝም። ጠማሽ? አልጠማኝም።

ቤት ስንገባ ካልሲዋ ላይ ደም አየሁ። አዲሱ ጫማ ተረከዟን ልጦታል። «ለምን አልነገርሽኝም?» «ይቅርታ» አለችኝ። ሳላይላት የቀረሁት እኔ፣ ይቅርታ የምትለው እሷ!

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህች ልጅ ጫካ ውስጥ እባብ ቢነድፋት እንኳ አትነግረኝም። ምን ብዬ አምኜ ይዣት እሄዳለሁ? ይቅር ይሆን?

ጥር 18፣ ረቡዕ

አልቀረም። የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ወልደሰማያት መነጽራቸውን አወለቁ።

«የጉዞው ዓላማ?»

«ልጆቹ ጉሬዛ እንዲያዩ ነው።»

«ጓድ ፈድሊያ፣ ጉሬዛ ማየት የሚባል ዓላማ የለም።»

«እንግዲያው ለመዝናናት...»

«ጫካ ገብቶ የሚዝናና ሰው ገና አላየሁም።»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ «ለደን ጥበቃ ትምህርታዊ ጉብኝት» በሚል ተስማማን። ለዚያ እሑድ ከስብሰባ እንድቀር ተፈቀደልኝ፤ በሚቀጥለው ግን ቆሜ ለነዋሪው ስለ ደን ማብራሪያ እሰጣለሁ! ስለ ደን ምን አውቃለሁ? ደብዳቤውን ራሴ መታሁት። «ጓድ ፈድሊያ ከሁለት ጓዶች ጋር» ይላል። «ጓድ ሙሐመድሳኒ ጅብሪል፣ ዕድሜ 4፣ ሥራ፦ የለውም።» ማኅተሙን ሲያሳርፉ እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ጥር 21፣ ቅዳሜ

ጉዱን ዛሬ ሰማሁ። ሙሐመድሳኒን ሳጥበው ነው ያወጣው።

«አኮ ካስቸገርናት ትሄዳለች አለች።»

«ማናት የምትሄደው?»

«አንቺ። እንደ እማ።»

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። አኮ የሚላቸው አያቱን፣ የጅብሪልን እናት ነው። ወዲያው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ወላሂ ለአንቺው ብዬ ነው ልጄ! ገና ሙሽራ ነሽ፣ እንዳትሰለቺ ብዬ!» በክፋት አይደለም። ምን ይባላሉ? እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ጠይባን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ብታስቸግሪኝም የትም አልሄድም» አልኳት። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ... «እሺ» አለች። ያ አላህ!

ጥር 28፣ ቅዳሜ

ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ውሃ በኮዳ። ለጠይባ አሮጌ ግን ለስላሳ ሸራ ጫማ። ሙሐመድሳኒ ጉሬዛውን አስሮ ሊያመጣው ገመድ ይዞ ነው የተኛው። ምንም አልጎደለም። ደግሜ ግን አየሁት። ሦስተኛም አየሁት።

ጥር 29፣ እሑድ

ከየት ልጀምር?

ኬላው ላይ ጠባቂው ደብዳቤውን አንብቦ ሙሐመድሳኒን «ሥራ ፈት ነህ?» አለው። «አዎ» አለ ኮራ ብሎ። አሳለፈን።

አባቦራ ዱላቸውን ይዘው ይጠብቁን ነበር። «ኮታ ኢጆሌ፣ ኑ ልጆች! ሱታ፣ ቀስ በሉ» እያሉ ፊት ፊት መሩን። ጫካው ውስጥ ፀሐይ ጠፋች። ሙሐመድሳኒ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አንገታቸው ላይ ወጣ። ጠይባ ከኋላዬ። በየአሥር እርምጃው ዞሬ አያታለሁ። ደከመሽ? አልደከመኝም። ጉሬዛውስ? ቅርብ ነው እላለሁ። እኔ የት አውቄ!

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ኮቴዋ ጠፋኝ። ዞር ስል መንገዱ መሃል ቁጭ ብላለች።

«አልሄድም!»

ሮጬ ተንበረከክሁ። «ምንሽን አመመሽ?»

«ምንም አላመመኝም! ሰለቸኝ! ቅርብ ነው ቅርብ ነው ትያለሽ፣ ውሸታም! እዘይኝ!»

«የሰባት ዓመት ልጅ ይታዘላል?»

«እሱስ?» ወንድሟን በጣቷ እያሳየች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ። «እሱን ሁሌ ትሸከሙታላችሁ!»

አባቦራ «ወይ ጉድ፣ ትልቅ ልጅ እኮ ናት!» አሉ። እኔ ነጠላዬን እየፈታሁ ነበር። እግሯ ረጅም ነው፣ በየእርምጃው ጉልበቴን ይመታኛል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉሬዛዎቹን ያየቻቸው እሷ ናት፣ ጀርባዬ ላይ ሆና። ጆሮዬ ሥር ጮኸች! አምስት ነበሩ፣ ነጩ ካባቸው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር... በጩኸቷ ሁሉም ሸሹ።

መኪና ላይ ለአባቷ ከሰሰችኝ። «ሁለተኛ ከእሷ ጋር አልሄድም፣ ትዋሻለች!» ጅብሪል ደንግጦ ሊቆጣት አፉን ሲከፍት ጭኑን ቆነጠጥኩት።

ጥር 30፣ ሰኞ

ወገቤ! ጎንበስ ማለት አልቻልኩም።

ቁርስ ላይ ጠይባ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ገንፎ አልወድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም።»

ለካ ስድስት ወር ሙሉ የማትወደውን ገንፎ ሙልጭ አድርጋ ስትበላልኝ ኖራለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ወደደችልኝ ብዬ እጨምርላት ነበር!

«ሌላስ የማትወጂው ምን አለ?» አልኳት። መጀመሪያ አባቷን አየች። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርልኝ ጀመር። ጸጉሯን ስሠራት አሳምማታለሁ። ሻይዋ ላይ ስኳር አሳንሳለሁ። ለሙሐመድሳኒ አዳላለሁ። ስዘፍን ድምፄ አያምርም... የአንዱ እጅ ጣት አልቆ ወደ ሌላው ተሻገረች። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰማሁ።

ሥራ አንድ ሰዓት አረፈድኩ። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ፣ «ልጄ አስቸግራኝ ነው» አልኩት።