«አረፈ» የምትለው ቃል

ጥቅምት 4

ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ለእስረኞች የሚከራከር የጠበቃ ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽን። ከከባድ ጥበቃው እስር ቤት የሚመጡ ደብዳቤዎችን አንብቤ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ሳንሱር በጥቁር ቀለም ያጠፋውን ሳይቀር መስኮቱ ላይ ለጥፌ ለማንበብ ስታገል ጠበቃው አየኝ።

«ተመራቂዋ፣ ዓለምን አሁን ነው የምትለውጫት ወይስ ከምሳ በኋላ?»

«ከምሳ በኋላ ጋሼ። አሁን እርቦኛል።»

ባለ ፎቶኮፒው ብቻ አልሳቀም። እዛው እስር ቤት ዘጠኝ ዓመት ታስሯል። እስካሁን በር አይነካም... ሰው እስኪከፍትለት ቆሞ ይጠብቃል። ሳልፍ እከፍትለታለሁ። ከዚህ ሌላ ምን አውርተን እናውቃለን? ምንም።

ጥቅምት 9

እማማ ዛሬም መጡ። እዛው የታሰረውን ልጃቸውን ካዩ አምስት ወር። በሄዱ ቁጥር «ቅጣት ላይ ነው፣ አይጠየቅም።» ለምን ተቀጣ? አይነገርም። እስከ መቼ? አይነገርም። ሹራብ ቢወስዱለት «ዚፕ አለው» ብለው መለሱባቸው። ዚፑን ፈትተው በቁልፍ ቀየሩት። አሁን ደግሞ ቁልፉ በዛ ተባሉ።

«ልጄ፣ ይፈታልኝ አላልኩም። ፊቱን ብቻ ልየው።»

መዝገቡ ላይ «ማረፊያ ክፍል ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። አስተዳደሩ የቅጣት ክፍሉን የሚጠራው እንዲህ ነው። ማረፊያ! ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል፣ መስኮት የለው፣ አምፖሉ አይጠፋ። እኔም ምንም ሳይመስለኝ እንደነሱ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 14



ትናንት የተፈታ አንድ ሰው ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። ሳንሱር ያላየው። የጻፈው የእማማ ልጅ የክፍል ጎረቤት ነው፣ ሽማግሌ እስረኛ። እጅ ጽሑፉ ሲያምር! «ጎረቤቴ የነበረው ልጅ አረፈ። ድምፁን ከሰማሁ አምስት ወር አለፈኝ። ለእናቱ ንገሩልኝ።»

አምስት ወር! የሞተውን ልጅ «ቅጣት ላይ ነው» ሲሏቸው ነበር ማለት ነው?

ጠበቃው ሌላ ከተማ ችሎት ላይ ነው፣ ስልኩ ዝግ። ባለ ፎቶኮፒው «ምነው፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። «አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ለእማማ ደወልኩ። በስልክ... ሲጮሁ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ምን ዓይነት ሰው ነው ስልኩን የሚያርቀው?

ጥቅምት 15

ጠበቃው ተመለሰ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ተጽፏል'ኮ ጋሼ፣ ይኸው!»

መግለጫ አወጣን። አስከሬኑ ለእናቱ ይሰጥ። ማስረጃ እንዲሆን የደብዳቤውን ኮፒ አያያዝኩበት። ባለ ፎቶኮፒው ጥርሱን ታሞ ስለቀረ ራሴው ነኝ ያባዛሁት። ከሰዓት ሬዲዮው አነበበው። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ... ለማን እዋሻለሁ?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ዋናውን ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ረስቼው ኖሯል። ባለ ፎቶኮፒው ክዳኑን ሲያነሳ አገኘው። ሁለቴ አነበበው።

«ይሄን ልጅ ማን ነው ሞተ ያለው?»

«አረፈ ይላል'ኮ!»

«እህቴ... እዛ አረፈ ማለት ማረፊያ ገባ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለሞተ ሰው ምን ትላላችሁ?»

«ወጣ።»

«ለተፈታውስ?»

«ተፈታ ነዋ። እሱ ምን ይደበቃል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጽሑፉን እንዳለ በተንሽው? የሁሉንም ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ ሽማግሌ ነው። እጁን የማያውቅ ዘበኛ የለም።»

ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ነበር። አንድ ቃል ጠይቄው አላውቅም።

እማማ ቤት ሄድኩ። ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር ሁሉ ሰው ተቀምጦበታል። ወደ ማድ ቤት ይዣቸው ገባሁና ነገርኳቸው።

«ደግመሽ በይው።»

«አልሞተም እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ቧንቧውን ከፍተው ፊታቸውን ታጠቡ። ረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ ዞሩ።

«ስሚ። አንቺ ዛሬ እዚህ አልመጣሽም።»

«ማስተካከያ ማውጣት ግድ ነው'ኮ እማማ...»

«አውጡ። ማን ከለከላችሁ? እኔ ጠዋት ሬሳዬን ልጠይቅ እሄዳለሁ።»

ለጠበቃው ሁሉንም ነገርኩት። ግንባሩን አሸ። «ማስተካከያው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል።»

«ለምን ስድስት ሰዓት?»

«ጠዋት ችሎት አለኝ።»

ነገ እሁድ ነው።

ጥቅምት 17

እማማ ጥቁር ለብሰው እስር ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። የሰፈሩ ሴቶች ከኋላቸው፣ እውነተኛ እንባ እያለቀሱ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሰዓቴን አያለሁ። ሦስት... አራት... አራት ተኩል ላይ አንድ መኮንን ወጣ።

«ልጅሽ አልሞተም! ውሸታሞች ናቸው ያታለሉሽ!»

«አሳየኛ።»

«ቅጣት ላይ ነው፣ አይጠየቅም።»

«ሬሳም ይቀጣል?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። መኮንኑ ተመልሶ ገባ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ከሩብ... ስድስት ሰዓት ላይ እውነቱን ራሳችን እንናገራለን፣ ከዚያ በኋላ ማን ያወጣዋል?

አምስት ከአርባ ላይ አወጡት። ሁለት ዘበኛ ደግፎት። ሹራብ የለው። ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን በሁለት እጁ ከድኗል። በጣቶቹ መሃል አጮለቀ።

«እማ... ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም» አሉት። «ማንም የኔ ጌታ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ማስተካከያው ወጣ። «በስህተት» የሚለውን ቃል ራሴ ጻፍኩት።

ኅዳር 8

ደብዳቤ ከተከለከልን ሦስተኛ ሳምንት። ምክንያቱ «የሐሰት ወሬ»። ምን እንላለን? ሐሰት ነበር። ልጁ ግን ወደዚያ ክፍል አልተመለሰም፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል። እማማ እሁድ እሁድ ያዩታል።

መዝገቡ ላይ ማረፊያ የሚለውን አርባ አንድ ቦታ ሰረዝኩ። «ብቻውን ተዘግቶበት» ብዬ ተካሁት። ከባለ ፎቶኮፒው ጋር ደብተር ጀምረናል፣ የእስር ቤት ቃላት። አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል።

ዛሬ እማማ ያን ሁሉ ደረጃ እየሳቁ ወጡት።

«ልጄ፣ የምሥራች! ያ ደብዳቤ የጻፈልን ሽማግሌ ወጣ! ቤቱን ፈልጊልኝ፣ ጉልበቱን ስሜ ላመስግነው።»

ማሽኑ ቆመ። ባለ ፎቶኮፒው ዞሮ አየኝ።

«እማማ... ልጅዎ ቃል በቃል ምን ነበር ያለው? ተፈታ ነው ያለው?»

«ወጣ ነው ያለው። ያን ወረቀት ጻፍክ ብለው አሳርፈውት ነበር፣ ረቡዕ ወጣ አለኝ። ዘበኛው አጠገባችን ስለነበር አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ።» ፈገግታቸው አሁንም አለ።

ያን ወረቀት ያያያዘው ማን ነው?

ያን ቀን የደወልኩበት ስልክ አጠገቤ ነበር። አላየሁትም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ። ባለ ፎቶኮፒው ሄዶ በሩን ዘጋው፣ ራሱ፣ በእጁ።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «እዛ ውስጥ ወጣ ማለት...»