ዳይሬክተሩ የጨመራት ትዕይንት

ኅዳር 3
ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄጄ ከመጽሐፌ የሠራውን ፊልም አየሁት። ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነበር... አልቻልኩም። መጽሐፌ ውስጥ እናትየው ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ትሄዳለች፤ በቃ፣ አትመለስም። እሱ መልሶ አመጣት! የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ልጇ ሲጫወት ታያለች፤ ሳትጠራው ትሄዳለች።
"ይሄን ከየት አመጣኸው?"
"ከራሴ ነዋ። መጽሐፍና ፊልም ለየቅል ናቸው፣ ወንድሜ።"
አውጣው አልኩት። አሻፈረኝ አለ። ተኮራርፈን ተለያየን።

ኅዳር 5
ባለቤቴ ሳቀችብኝ። "አገር ያስለቀስክ ሰውዬ፣ በአንዲት ትዕይንት እንዲህ ትሆናለህ?"
ውሸት ስለሆነች ነው የከነከነችኝ። የኔ እናት አልመጣችም። አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። ከእማዬ ጋር የታረቅነው ካደግኩ በኋላ ነው።

ኅዳር 9
እማዬ ደወለች። ፊልሙን ልታይ ነው። ክው አልኩ።
ማንበብ አትችልም። "ስለኔ ምን ብለህ ጻፍክ?" ባለችኝ ቁጥር "ልብ ወለድ ነው፣ እማዬ" እያልኩ ሳልፍ ኖሬአለሁ። ፊልም ግን ፊደል አይጠይቅም... ብትቀየመኝስ? እንደገና ባጣትስ?

ኅዳር 14
አየች። መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ነበርን። "እኔ እንዲህ ቀጭን ሆኜ አላውቅም!" ትላለች ጮክ ብላ። አጥሩ ጋ ሲደርስ እጄን ያዘችኝ።
ስንወጣ፣ "ማን ነገረህ?"
"ምኑን?"
"አጥሩ ጋ እንኳ አልቀረብኩም። ማዶ፣ ልብስ ሰፊው በር ላይ ነበር የምቆመው። ብቀርብ ታየኝ የለ?"
"ለምን አልጠራሽኝም?"
"አክስትህ 'አንቺን ካየ ሳምንት ሙሉ አይበላም፣ ተይው' አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ልጄ።"
አክስቴ ሞታለች። ማንን ልጠይቅ? የልብስ ሰፊውን ቤት አስታውሳለሁ... አንድ ቀን እንኳ ወደ ማዶ አላየሁም?

ኅዳር 15
ዳይሬክተሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ምን ነካህ?" አለ። አልነገርኩትም።

ኅዳር 20
ፊልሙ መጽሐፉን ተፈላጊ አድርጎታል፤ አሳታሚው በድጋሚ ሊያትመው ነው። ትዕይንቷን ልጨምራት? እማዬን ጠየቅኳት።
"ተው። አንተ ያየኸውን ጻፍክ፤ እኔን አላየኸኝም። አጥሩ ጋ የቆመችዋ እዚያው ፊልሙ ላይ ትሁን። መጽሐፉን ግን አንብብልኝ።"

ኅዳር 22
እማዬ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ታዳምጣለች። ደህና እየሄድን ነበር። ልጁ ለጓደኞቹ "እናቴ ሞታለች" የሚልበት ገጽ መጣ። ፊልሙ ይሄን ትቶታል። እኔም ዘለልኩት።
"ተመለስ" አለች።
"ወዴት?"
"ድምፅህ ያስታውቃል። የዘለልከውን አንብብ።"
አነበብኩ። እንባዋ ወረደ፤ የኔም። መነጽሬን ከዓይኔ አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መለሰችልኝ።
"በል ቀጥል" አለች። "ልጁ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?"