ጸሐፊው ዝም ይበል፦ የመምህርት ሳልቫሲዮን ጌኪንቶ የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1952፣ ታላቅ ወንድማቸው ክሪስፑሎ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ መምህርት ሳልቫሲዮን ጌኪንቶ ከአባታቸው ከአቶ አንሰልሞ ጌኪንቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮሴንዳ ጋሪንጋ በጊምባል፣ በባሕሩ ዳር ሰፈር ተወለዱ። የተጠቀለሉበትን ጨርቅ ደጋግመው በእግራቸው ስለገፈፉ አዋላጇ፣ «ይህቺ እንኳ አርፋ የምትቀመጥ አይደለችም» ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ ሲወራ ኖሯል። አዋላጇ አልተሳሳቱም። ሳልቫሲዮን ቆመው ይበሉ፣ እየተንጎራደዱ ያጠኑ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጊምባል ተምረው በኢሎኢሎ ከተማ በእንግሊዝኛ መምህርነት በ1974 ተመረቁ። በማግስቱ ዓመት በዚያው ከተማ በሚገኝ የምህንድስና ኮሌጅ ተቀጥረው፣ የወደፊት መሐንዲሶችን የቴክኒክ ጽሑፍ ማስተማር ጀመሩ። በ1978 የቅየሳ ባለሙያ ከሆኑት ከአቶ ዴልፊን ናሲዮናሌስ ጋር በጊምባል ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሩቢሊንንና ኤድሰልን ወልደዋል።

መሐንዲስ ብቻውን የሚሠራው ነገር ስለሌለ ብቻውን መጻፍም የለበትም የሚል ጽኑ እምነት ስለነበራቸው፣ ተማሪዎቻቸውን በቡድን ያስጽፉ ነበር። ክፍላቸው ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ወንበር ሲጎተት ይውላል፤ ቡድኖቹም ገና ሳይለማመዱ ይበተኑና እንደገና ይዋቀራሉ። ይሁን እንጂ በኮሌጁ የቆየ ልማድ ነበር። እንግሊዝኛ የሚችለው አንዱ ሁሉንም ይጽፋል፣ ሌሎቹ መክሰስ ያቀርባሉ፣ የሁሉም ስም በሽፋኑ ላይ ይሰፍራል። ጆቬን የተባለ ተማሪ የድርሻው ጽሑፍ የት እንዳለ ተጠይቆ፣ «ማም፣ ፓንሲቱን ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። መምህርቷም፣ «ኑድሉማ ግሩም ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ ገጽ አምጣልኝ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል እንዲጽፍ አዘዙ።

በ1991 ተማሪዎቹ በአንድ የባሕር ዳር መንደር የእጅ ፓምፕ ተከሉ፤ የአጠቃቀም መመሪያውንም የጆቬን ቡድን ጻፈ። የቡድኑ መሪ ማሪቪክ፣ ፓምፑ ጠዋት ከመነቅነቁ በፊት የላይኛው ክዳን ተከፍቶ ውሃ እንዲጨመርበት ጻፈች። ጆቬን ስለ ንጽሕና በጻፈው ገጽ ላይ ግን የላይኛው ክዳን በፍጹም እንዳይከፈት አዘዘ። የመንደሩ ሰዎች ንጽሕናን መረጡ። ፓምፑ በደረቁ ሲነቀነቅ ሰንብቶ በውስጡ ውሃውን ስቦ የሚያወጣው ቆዳ ተበላ፣ ውሃውም ቆመ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ አሮጌው ጉድጓድ ተመለሱ።

መምህርቷ ወሬውን በሰሙ ጊዜ ማሪቪክን ጠርተው የጆቬንን ገጽ አንብባ እንደሆነ ጠየቋት።

«አንብቤዋለሁ፣ ማም።»

«ስህተቱንስ አላየሽም?»

«አይቼዋለሁ። ግን ጓደኛዬ ነው፤ ሁሉም ተሰብስቦ እያየ እንዴት ተሳስተሃል እለዋለሁ? ደግሞ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፉ ነበር።»

የኮሌጁ ዲን ዶክተር ሌሳካም ቅር ተሰኝተው አስጠሯቸው። «የቡድን ሥራ የሚሉት የሰነፍ መደበቂያ ነው፤ ወይ እያንዳንዱን ለብቻው ይፈትኑ፣ ወይ ትምህርቱን ለሌላ ሰው ያስረክቡ» አሏቸው። መምህርቷ እንደ ልማዳቸው ሳይቀመጡ፣ «አንድ ሴሚስተር ይስጡኝ» ብለው ወጡ።

በእነዚያ ሳምንታት በቤታቸው እንቅልፍም ዕረፍትም አልነበረም። አቶ ዴልፊን፣ «ኧረ ወለሉን ጨረስሽው፤ ለምን አንቺው ራስሽ አታርሚላቸውም?» ቢሏቸው፣ «እኔ ካረምኩላቸው ነገ ድልድይ ላይ ማን ያርምላቸዋል?» ብለው መለሱ። ያስጨነቃቸው ትምህርቱን መነጠቃቸው ብቻ አልነበረም። ልጆቹ ስህተቱን እያዩ ለጓደኛ ሲሉ ዝም ማለታቸው ነበር። ይህን ይሉኝታ ተቆጥቶ ማስወጣት እንደማይቻል፣ እሳቸውም በዚያው ይሉኝታ ያደጉ በመሆናቸው፣ ያውቁት ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሥርዓት አወጡ። አሮጌ ፓምፕ በኮሌጁ ግቢ አስተከሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ፣ ልክ እንደተጻፈው በእጁ ይሠራል። ጸሐፊው አጠገቡ ይቆማል፣ ነገር ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ውሃው ካልመጣ ጥፋቱን የሚናገረው ፓምፑ ነው፤ ጓደኛ ጓደኛውን ተሳስተሃል ማለት አላስፈለገውም። ማሪቪክ የጆቬንን ገጽ ይዛ እጀታውን ብትነቀንቅ ብትነቀንቅ ጠብ አልል አለ። ጆቬን ላብ አጠመቀው፤ አፉን በእጁ ያዘ። በመጨረሻ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ፣ «አምጪ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሄደው ቆዳውን የቀየሩትና አዲሱን መመሪያ ሴቶቹን ያስነበቡት አብረው ነው።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ዲኑ መጥተው ራሳቸው እያነበቡ ፓምፑን ሞከሩት፤ ውሃውም ወጣ። ዶክተር ሌሳካ መሐረባቸውን አውጥተው ጫማቸውን ጠረጉ፤ ፈቅጃለሁም አላሉ፣ ከልክያለሁም አላሉ። መምህርቷም «የተሰጠኝ አንድ ሴሚስተር ነው» እያሉ በ2012 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚሁ መንገድ አስተማሩ።

በ2018 በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። አልጋ ላይ መዋሉ ከሕመሙ ይልቅ አሠቃያቸው። ይህ ታሪክ እንዲጻፍ ወንድማቸውን ክሪስፑሎን ያዘዙትም ያኔ ነው። «ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ብቻህን እንዳትጽፈው። ለቀብር ነው ብለው ሁሉንም እሺ ይሉሃል» አሉት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2019 በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ዴልፊንን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ዕረፍትን በምድር ያላወቀች ነፍሳቸውን ቸሩ አምላክ በእቅፉ ያሳርፍልን።

ታሪኩን ወይዘሮ ሩቢሊን፣ ኢንጂነር ማሪቪክና ኢንጂነር ጆቬን አንብበው አርመውታል። በአንድ ነገር ግን አልተስማሙም፤ ማሪቪክ ዲኑ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ነበር ይላሉ፣ ጆቬን ደግሞ ጫማቸው ብቻ ነው ይላሉ። ጸሐፊው ዕድሜው የገፋ፣ መጻፍንም ዘግይቶ በራሱ የተማረ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ቀን ወይም የተዘለለ ስም የሰማችሁ፣ ለሐዘንተኛ ብላችሁ ዝም እንዳትሉ፤ ከቀብሩ መልስ በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ንገሩት፣ እሱ አንዲት ቃል አይተነፍስም።