ከጎማው ጀርባ ያለው ዳዶ

ውድ ሚጣ፣

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስልኩን አንስተሽ «አቤት ጋሼ» ስትይኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼሽ ዘጋሁት። ስለዚህ እንዳመጣጡ እጽፈዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ አስቀያሚ ነው፣ ቻዪው።

ትናንት የላክሽልኝን መልእክት አነበብኩት። «ከሰኞ ጀምሮ ቶርኖ ማሽኑን ትቼ ዕቃ ግምጃ ቤት እገባለሁ። አባቱን ሊገድል የነበረ እጅ ብረት መቁረጥ የለበትም» ብለሻል። አለቃሽም እሺ ብሎሻል። እሱ ምን ያውቃል! ሚጣ፣ ያንቺ እጅ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቀድደሽ ከመጣልሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ከየት ልጀምር? ከቅናቴ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ያን ቅዳሜ የመጣሽ ጊዜ ታስታውሻለሽ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ አባባን ስለምናቸው የኖርኩት። «ይቺ ትራክተር ትንሽ ናት፣ ጎማዎቿ ተቀራርበዋል፣ ለዚህ ቁልቁለት አልተሠራችም። ወይ የላይኛውን ማሳ እንተወው» እላለሁ። እሳቸው «አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ፈሪ ነህ» ይሉኛል። አንድ ቀን የግራው የኋላ ጎማ አንድ ስንዝር ከመሬት ሲነሳ በዓይኔ አይቼ ጮህኩ። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መቀመጫቸውን ወደ ግራ ሸርተት አድርገው ማረሳቸውን ቀጠሉ! ክብደት እንዲሆናት ብዬ ጎማዎቹን ውሃ ሞላኋቸው። አንድም ሰው «ጎበዝ» አላለኝም።

አንቺ መጣሽ፣ ቁጢጥ አልሽ፣ ለካሽ፣ ተነሳሽ። «አባባ፣ የኋላ ጎማዎቹን በየጎናቸው አራት አራት ጣት ወደ ውጭ ብናወጣቸው ትረጋለች። በጎማውና ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ መሃል የሚገባ ወፍራም ብረት እኔው ቆርጬ እልካለሁ» አልሽ። አለቀ። አባባ ወደ ጎረቤታችን ወደ አናጢው ዞረው «አየህ? እንዲህ ነው እንጂ ማሰብ!» አሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ። የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ ይዤልሽ የቆምኩት ማን ነበር?

«የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል» ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት። ክሊኒክ የምወስዳቸው እኔ፣ የእግር ጥፍራቸውን የምቆርጥላቸው እኔ፣ በየትኛው ጥርሳቸው እንደሚያኝኩ የማውቅ እኔ። አንቺ ትመጫለሽ ሲባል ግን አዲሱን ሸሚዝ ያወጣሉ። በስድስት ወር አንዴ ብቅ ለምትይው! ካንቺ አሥራ አራት ዓመት እበልጣለሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር መጻፍም ያሳፍራል። ግን ያሳፍር አያሳፍር እውነቱ ይሄ ነው፦ ቀንቼብሻለሁ። ከተወለድሽ ጀምሮ ስቀናብሽ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ብረቶቹ በአውቶቡስ ደረሱ። አባባ ከጆንያው አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧቸው፣ እንደ ሕፃን። ሁለት ክብ ብረት፣ የራሳቸው ቡሎን የተተከለባቸው፣ ያብረቀርቃሉ። «ልጄ የሠራችው ነው፣ ፊትህን ታይበታለህ» እያሉ ለአናጢው አሳዩት። እሱም ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየ። እኔንም «ና፣ እይ» አሉኝ። አየሁ። ፊቴ እሬት መስሏል።

የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። በደንብ ነው የገጠምኳቸው፣ በዚህ አልታማም። በክሪክ አነሳሁ፣ ጎማውን አወለቅሁ፣ ሞዞውን ከዝገትና ከጭቃ አጸዳሁ፣ ብረትሽን አስቀምጬ ከሞዞው ጋር የሚያስሩትን፣ የውስጠኞቹን ዳዶዎች አጠበቅሁ። ከዚያ ጎማውን ባንቺ ቡሎኖች ላይ አስገብቼ የውጮቹን አጠበቅሁ። ልክክ አለ። አንድ ጸጉር የሚያህል ስህተት አልነበረውም። ብትሳሳቺ ምን ነበረበት!

ከብረቶቹ ጋር የላክሽውን ወረቀት አስታወስሽው? «ጋሼ፣ አደራህን። ትራክተሯ ለአሥር ሰዓት ያህል ከሠራች በኋላ ጎማዎቹን አውልቅና የውስጠኞቹን ዳዶዎች እንደገና አጥብቃቸው። አዲስ ብረት በሥራ ላይ ይደላደላል፣ ዳዶው ይላላል። ከውጭ ስለማይታዩ መላላታቸውን ማንም አያውቅም።»

አነበብኩና ደሜ ፈላ። ለኔ! እኔ ዳዶ ሳጠብቅ አንቺ ጡጦ ትጠቢ ነበር! ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ትራክተሯ ደግሞ ረጋች፣ ሚጣ። ይበልጥ ያበገነኝ እሱ ነው። የላይኛውን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ስትመላለስ አንድም ጎማ አልተነሳም። አባባ ከላይ ሆነው ኮፍያቸውን እያውለበለቡ ይስቁ ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ «ሚጣ እንደገና ይጠበቅ ያለችው ነገር ነበር፣ አጠበቅኸው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

አላጠበቅሁትም። ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። በነገታውም እንዲሁ። ስንፍና እንዳይመስልሽ። ልቤ ውስጥ የነበረውን ልንገርሽ፣ ከዚህ በኋላ ምን ታከብሪኛለሽ። ትንሽ እንዲላላ ፈልጌ ነበር። ትንሽ ብቻ! ጎማው ወዛወዝ እንዲል፣ አባባ ትራክተሯን ከማሳው አውርደው «ኧረ የሚጣ ነገር አልሆነም፣ እስቲ አንተ እየው» እንዲሉኝ። ያቺን አንዲት ቃል ፈልጌ ነው። ሰው እንዲወድቅ አልፈለግሁም፣ በእናታችን እምልልሻለሁ።

እሳቸው በየጠዋቱ የውጮቹን ዳዶዎች በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። «ደህና ነው» ብለው ይወጣሉ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ከጎማው ጀርባ ያለውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ተጎታቹን ሞልተው ከላይ ሲወርዱ የቀኙ ጎማ ወለቀ። ትራክተሯ በጎኗ የእርከኑ ድንጋይ ላይ ተደገፈች። ያ ድንጋይ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። አባባ ተስፈንጥረው የታረሰው አፈር ላይ ወደቁ። ጎማው ብቻውን እየተንከባለለ እስከ አናጢው አጥር ድረስ ሄደ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። የግራ እጃቸው አንጓው ላይ ተጣምሟል። ቀና ብለው አዩኝና የመጀመሪያው ቃላቸው «ብረቷ ነው?» የሚል ነበር።

«ይመስለኛል» አልኩ።

አፈር ልብላ! «ይመስለኛል» አልኩ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ስትደውይ «ብረትሽ ሊገድለኝ ነበር፣ ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ» ብለው ዘጉብሽ። እኔ ማድ ቤቱ በር ጀርባ ነበርኩ። ደስ አለኝ። ደስታው እንደ ትኩስ ነገር ደረቴ ውስጥ ሲወርድ ታወቀኝ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት እጃቸው በጄሶ ታስሮ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እኔ እቆልፍላቸዋለሁ። እሳቸውም «ልጄ፣ ያላንተ ማን አለኝ» ይሉኛል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ይህችን ለመስማት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ጣፈጠችኝ፣ አልዋሽሽም። አንቺ እያለቀስሽ «ጋሼ፣ እንደገና አጥብቀኸው ነበር አይደል?» ስትይኝ ለሁለተኛ ጊዜ «አዎ» ያልኩት ያቺን ቃል ላለማጣት ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔው ዝምታ ግን ነቀዘ፣ ሚጣ። በየማታው ደውለሽ «አባባ በሉ?» ባልሽኝ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየነቀዘ ሄደ። መልእክትሽን ሳነብ ደግሞ ጨርሶ ዱቄት ሆነ።

ከላይ ያለውን ትናንት ጽፌ እዚህ ጋ አቆምኩ። ሐሳቤ ዛሬ ጠዋት ይህንኑ አሽጌ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ልልክልሽ ነበር። ግን ላንቺ ጽፌ ከሳቸው መደበቁ ሌላ ፍርሃት ሆኖ ታየኝ። ቁልፋቸውን እየቆለፍኩላቸው፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ተናገርኩ።

«አባባ፣ የውስጠኛውን ዳዶ አላጠበቅሁትም። ዋሽቼዎት ነው። የሚጣ ብረት ምንም አልነበረበትም።»

«ምን አልክ?»

ደገምኩት። እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ነበር፣ ቢሉኝ በተሻለኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«እሷ ግን ትደውል ነበር?»

«በየቀኑ። በኔ ስልክ።»

«ምን ትላለች?»

«አባባ በሉ ወይ ትላለች።»

ማሽኑን ልትተዪ መሆኑንም ነገርኳቸው። ያኔ ነው ብድግ ያሉት።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«ማን ሊሄድ ነው?»

«እኔ ነኛ! ማን ይሄዳል?»

ዘጠኝ ዓመት ከዚህ መንደር ወጥተው አያውቁም። አውቶቡስ ያጥወለውላቸዋል። አብሬዎት ልሂድ ብላቸው «አንተ እዚህ ሆነህ ዳዶህን አጥብቅ» አሉኝ። ይገባኛል፣ ዋጥ አደረግሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አይተው «ለሷ ነው? ጨርስና ስጠኝ፣ እኔው አደርሰዋለሁ። ሳታነበው አፌን አልከፍትም» አሉ። እንግዲህ ጉዴን የተሸከመው ፖስተኛ አባታችን ነው።

አሁን ይሄን ስጽፍ በአንድ እጃቸው ጢማቸውን እየተላጩ ነው፣ አገጫቸውን ቆርጠውታል። «ጨረስክ?» ሲሉኝ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። መስታወቱ ፊት ቆመው ቀስ ብለው አንድ ነገር ይላሉ። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ሳቆም «ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» ነው የሚሉት። ይጀምሩታል፣ ያቆማሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ እንደገና ይጀምሩታል። ይህ ቃል ከኚህ ሰው አፍ ሲወጣ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ለእናታችን አላሉትም፣ ለኔም አላሉኝም። ላንቺ ሊሉሽ ነው፣ ያውም በኔ ጥፋት! አሁንም ቀናሁብሽ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ አሁንም።

ሰኞ ጠዋት ማሽንሽ ፊት ቁሚ። እኔን ስትፈልጊ ትሰድቢኛለሽ፣ ስልኬን አነሳለሁ፣ ስለ ዝናብም አላወራሽም። ይህን ስታነቢ ግን አባባ ፊት ለፊትሽ ተቀምጠዋል። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አሳዝነውሽ «ይተዉት አባባ» ብለሽ እንዳታቋርጫቸው። እስከ መጨረሻው ይበሉት።

ጥፋተኛው ወንድምሽ